የእንጀራ ጋገራ ቤት የመብራት ወጪ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጤፍ ሲወደድ ወዲያው ይታወቃል። መብራት ግን በወሩ መጨረሻ በአንድ ድምር ስለሚመጣ የቱ ላይ እንደፈሰሰ አይታይም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው ታሪፍ ደግሞ በአራት ዓመት ውስጥ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ እንዲሄድ ተደርጎ የወጣ ነው። ስለዚህ ዛሬ እንደ ዋዛ የሚታለፍ ብክነት በየሦስት ወሩ ዋጋው ይጨምራል። ከዚህ በታች ያሉት በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግሩ ቤቶች ደጋግመው የሚሠሯቸው ስህተቶች ናቸው።

ቁጠባን ከአምፖል መጀመር

60 ዋት አምፖል በ9 ዋት ኤልኢዲ ቢቀየርና በቀን 10 ሰዓት ቢበራ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው ፍጆታን የሚቆጥርበት መለኪያ) ያህል ይተርፋል። መልካም ነው፤ ይቀየር። ነገር ግን 3.5 ኪሎዋት የሚስብ አንድ ምጣድ ሊጥ ሳይፈስበት ለ15 ደቂቃ በርቶ ቢቆይ 0.875 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። አምፖሉ ቀኑን ሙሉ ያተረፈው ጋጋሪዋ ሊጥ ልታቀጥን ጓዳ ገብታ እስክትመለስ ያልቃል ማለት ነው። በእንጀራ ቤት የመብራት ሂሳብ ማለት የምጣድ ሂሳብ ነው፤ ጊዜና ገንዘብ መዋል ያለበትም እዚያ ላይ ነው።

ሳይለኩ መቆጠብ

የወሩን ሂሳብ ካለፈው ወር ጋር ማነጻጸር ብዙም አይጠቅምም፤ የጋገሩት መጠንም ታሪፉም ይለያያልና። የሚያስፈልገው ልኬት አንድ ነው፤ 100 እንጀራ ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል? ምጣዱ ከመብራቱ በፊት ቆጣሪውን ያንብቡ፣ ጋገራው ሲያልቅ እንደገና ያንብቡ፣ ልዩነቱን ለእንጀራው ብዛት አካፍለው በ100 ያባዙ። በልኬቱ ሰዓት ፍሪጅና ሌላ ዕቃ ይነቀል። የካርድ ቆጣሪ ካለዎት ቀሪውን ብር ሳይሆን የኪሎዋት ሰዓቱን ንባብ ይያዙ።

ማነጻጸሪያው ቀላል ስሌት ነው። 3.5 ኪሎዋት ምጣድ ያለማቋረጥ በርቶ በየ3 ደቂቃው አንድ እንጀራ ቢያወጣ ለ100 እንጀራ 17.5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ከጋገራው በፊት ምጣዱን ለማሞቅ የሚሄደው ሲጨመር ወደ 18.5 ይጠጋል። የእርስዎ ልኬት 25 ከሆነ፣ አንድ ምጣድ ሁለት ሰዓት ገደማ በከንቱ ነድዷል። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ለክቶ ደብተር ላይ መመዝገብ የሚቀጥሉትን ስህተቶች አንድ በአንድ ያጋልጣል።

ከአቅም በላይ ምጣድ ማብራት

አብዛኛው ምጣድ ሙቀት የሚቆጣጠር መሣሪያ የለውም። ከበራ ሙሉ ኃይሉን ይስባል፤ ሙቀቱን የምትመጥነው ጋጋሪዋ ናት። አንዲት ጋጋሪ ሦስት ምጣድ በርቶላት እጇ የሚደርሰው ለሁለቱ ብቻ ከሆነ፣ ሦስተኛው ተራው እስኪደርስ ከልክ በላይ ይግላል። ከዚያ የሚሆነው የታወቀ ነው፦ የመጀመሪያው እንጀራ ከሥሩ ያርራል፣ ምጣዱን ለማቀዝቀዝ በእርጥብ ጨርቅ ይታሰሳል፣ የተከፈለበት ሙቀት በእንፋሎት ይሄዳል። በዚያ ላይ የጋለ ሸክላ ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። በአንድ ጋጋሪ ስንት ምጣድ እንደሚበቃ ልኬቱ ይናገራል፤ አንድ ቀን በሁለት፣ በማግስቱ በሦስት ጋግረው የ100 እንጀራውን ፍጆታ ያስተያዩ።

ክዳኑም እዚህ ይገባል። ሊጡ ዓይን እንዳወጣ ካልተከደነ ወይም ክዳኑ ጠርዙ ተጣሞ ካልገጠመ፣ እንፋሎቱ ያመልጥና መብሰያው ይረዝማል። የተጣመመ ክዳን ማቃናት ወይም መቀየር ከሁሉም የረከሰው ጥገና ነው።

ምጣዱን እስከ መጨረሻው እንጀራ ድረስ አለማጥፋት

ሸክላ ሙቀት ይይዛል። ሊጡ ሁለት ወይም ሦስት እንጀራ ሲቀረው ማጥፊያው ቢነካ የቀረው በተከማቸው ሙቀት ይበስላል። ጠዋት 40፣ ከሰዓት 40 ብሎ መክፈልም እንዲሁ ነው፤ ምጣዱን እንደ አዲስ ማሞቅ በየጊዜው በየምጣዱ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ትዕዛዝን ሰብስቦ በአንድ ዙር መጨረስ ያንን ሙሉ በሙሉ ያስቀራል።

በደከመ ኃይል መጋገር

ይህ ብዙ ቤቶች የማያውቁት ኪሳራ ነው። የምጣድ ኃይል ከቮልቴጅ ጋር በካሬ ይወርዳል። 220 ቮልት ወደ 190 ሲወርድ፣ 3.5 ኪሎዋት የነበረው ምጣድ 2.6 ኪሎዋት ይሆናል፤ ሩቡን አጣ ማለት ነው። ቆጣሪውም በዚያው ልክ ቀስ ብሎ ስለሚዞር «ምንም አልጎዳኝም» ያሰኛል። ነገር ግን 3 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው እንጀራ ከ4 ደቂቃ ያልፋል፣ ምጣዱ ደግሞ በጎንና በሥር የሚያፈስሰው ሙቀት ደቂቃ በተጨመረ ቁጥር ይጨምራል። የጋጋሪዋም ሰዓት አብሮ ይባክናል፤ እንጀራውም ዓይኑ አያምርም።

ምክንያቱን መለየት ይቻላል። በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያ) ሶኬቱ ላይ ያለውን ቮልቴጅ አንዴ ምጣዶቹ ሳይበሩ፣ አንዴ ሁሉም ሲበሩ ይለኩ። ሳይበሩም 190 ከሆነ ችግሩ ከውጭ መስመር ነው፤ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ያመልክቱ፣ እስኪስተካከል ድረስም ሰፈሩ ሁሉ ከሚያበስልበት ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት አይጋግሩ። ሳይበሩ 220፣ ሲበሩ 195 ከሆነ ግን ከቆጣሪው እስከ ምጣዱ ያለው የራስዎ መስመር ወይም ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው ገመድ ቀጥኗል፣ ወይም የሆነ ቦታ ማያያዣው ላልቷል።

ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ያላቸው ቤቶች ሌላ ነገርም ይፈትሹ። ስድስት ምጣድ ካለ በየፌዙ ሁለት ሁለት መከፋፈል አለበት። ቀላል መስሎ የታየው ሠራተኛ አራቱን አንድ ፌዝ ላይ ሲሰካቸው ያ ፌዝ ብቻውን ይደክማል።

ለሁለት ምጣድ አንድ መስመር

3.5 ኪሎዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ነው፤ የተለመደው ሶኬት የመጨረሻ አቅም። ሁለት ምጣድ በአንድ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ወይም በማከፋፈያ መሰካት 32 አምፔር መጫን ነው። ሶኬቱ ይጠቁራል፣ ስፒናው ይቀልጣል፣ እዚያ የሚነደው ኃይል ተቆጥሮ ይከፈልበታል፣ ከሁሉም በላይ ቤት ያቃጥላል። ለእያንዳንዱ ምጣድ የራሱ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ መስመር፣ የራሱ 20 አምፔር ብሬከርና የምድር ሽቦ ይዘርጉ። የምጣዱ አካል ቆርቆሮ ነው፣ የጋጋሪዋም እጅ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ የምድር ሽቦ ጉዳይ ለድርድር አይቀርብም።

የተቃጠለ ሽቦን ቆርጦ መቀጠል

የውስጥ ሽቦው ሲበጠስ ጠጋኙ የተቃጠለውን ቆርጦ ይጥልና ቀሪውን ጠምዝዞ ያገናኘዋል። ሽቦው ባጠረ ቁጥር ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክን የሚገታበት መጠን፣ በኦም የሚለካው) ይቀንሳል፣ የሚስበው ኃይል ይጨምራል፤ አንድ አሥረኛው ከተቆረጠ ምጣዱ 16 ሳይሆን 18 አምፔር ገደማ ይስባል። የተጠመዘዘበት ቦታ ደግሞ ከሌላው በላይ ስለሚግል እንጀራው በአንድ ጎን ያርራል፣ በሌላው ጥሬ ይቀራል፤ ሽቦውም በዚያው ይበጠሳል። የተበጠሰ ሽቦ ሙሉ በሙሉ ይቀየር። ሲገዙና ከጥገና ሲረከቡ፣ ስፒናው ተነቅሎና ማብሪያው በርቶ፣ በሁለቱ የስፒና እግሮች መካከል በመልቲሜትር ይለኩ፦ ለ3.5 ኪሎዋት ምጣድ ወደ 14 ኦም መሆን አለበት። 12 ካሳየ አጥሯል፤ አይረከቡ።

የምጣዱን ሥር ባዶ መተው

ሽቦው የሚቀመጠው ከሸክላው ሥር ስለሆነ ሙቀቱ ወደ ላይ እንደሚሄድ ሁሉ ወደ ታችም ይሄዳል። ብዙ ምጣዶች ከሥራቸው ባዶ ቆርቆሮ ብቻ አላቸው፤ ከአንድ ሰዓት ጋገራ በኋላ እጅ የማያስጠጋ ከሆነ ለወለሉ እየከፈሉ ነው። ምጣድ የሚሠራ ባለሙያ በሸክላውና በቆርቆሮው መካከል ሮክ ውል የሚባለውን እሳት የማይበላው ሱፍ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲሞላ ያድርጉ። ስፖንጅ፣ ሰጋቱራና ካርቶን ፈጽሞ አይገቡም። ሽቦው ከስፒናው ገመድ ጋር የሚገናኝበት ሳጥን በሱፉ መሸፈን የለበትም፤ አየር ካላገኘ ማያያዣው ይቃጠላል።

«ኃይል ቆጣቢ» ሳጥን መግዛት

ሶኬት ላይ ሲሰካ ሂሳብን በግማሽ ይቀንሳል ተብሎ የሚሸጠው ትንሽ ሳጥን ውስጡ ያለው ካፓሲተር ነው። ካፓሲተር ሞተር ላላቸው ትልልቅ ፋብሪካዎች ጥቅም አለው፤ ምጣድ ግን ኃይሉን በሙሉ ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ ካፓሲተሩ የሚያስተካክለው ነገር የለም። ገንዘቡ ለሮክ ውል ይዋል።

ፍሪጁን ምጣድ ቤት ማቆም

ሙቀቱ ሞተሩን ያለ ዕረፍት ያሠራዋል። ወደ ሌላ ክፍል ይውጣ፣ ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ በሩ ላይ የተዘጋበት ወረቀት በቀላሉ ከተሳበ ጎማው ይቀየር።

ሂሳብን በግምት መካፈል

ከአከራይ ጋር በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ በስምምነት ይካፈላሉ። ያ ሲሆን የሚቆጥበው ቤት ጥቅሙን አያየውም፤ ጭቅጭቁም አያልቅም። በራስዎ መስመር ላይ ንዑስ ቆጣሪ ያስገጥሙና በንባብ ይክፈሉ።

መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር መጋገር

አነስተኛ የቤንዚን ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር የሚያወጣው ከ2 እስከ 3 ኪሎዋት ሰዓት ቢሆን ነው። 100 እንጀራ 18 ኪሎዋት ሰዓት ከፈለገ ከ6 እስከ 9 ሊትር ቤንዚን ይነዳል፤ የአንዱ እንጀራ የነዳጅ ዋጋ ብቻ ትርፉን ይውጠዋል። ለእንዲህ ያለው ቀን ጭስ ማውጫ ያለው ምርጥ ምድጃ በተጠባባቂነት ማቆም ይሻላል፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የሚፈጀው እንጨት ግማሽ ያህል ነው። ጄኔሬተር ካለም ለአምፖል፣ ለስልክና ለፍሪጅ ይዋል። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ሁሉንም ምጣድ በአንድ ጊዜ አያብሩ፤ ሰፈሩም በዚያው ቅጽበት ስለሚያበራ ኃይሉ ይወርዳል፣ ብሬከርም ይወድቃል። አሥር ደቂቃ ጠብቆ አንድ በአንድ ማብራት ይበቃል።