ፀሐይን በቴሌስኮፕ ፎቶ ለማንሳት

ከሁሉ በፊት ፊልተሩ፣ ማለትም የፀሐይን ብርሃን የሚቀንሰው ማጣሪያ! ያለ እሱ ቴሌስኮፑን ወደ ፀሐይ እንዳታዞሩ፤ ለቅጽበት ማየት እንኳ ዓይንን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። የራጅ ፊልም፣ ሲዲ፣ የተደራረበ መነጽር የሚባለውን እርሱት።

ፊልተሩ የሚታሰረው ከፊት ነው፣ ብርሃኑ በሚገባበት አፍ ላይ። ከአንዳንድ አሮጌ ቴሌስኮፖች ጋር የሚመጣ፣ ዓይን በሚጠጋበት በኩል የሚጠመዘዝ ትንሽ ጥቁር መስታወት አለ፤ በሙቀት ይሰነጠቃል፣ ጣሉት።

ለጀማሪ እንደ ባደር አስትሮሶላር ያለው ስስ ፊልም ይበቃል። በላዩ ያለው ቁጥር ምን ያህል ብርሃን እንደሚከለክል ይነግራል፤ 5.0 የሚለው ከ100,000 አንድ እጅ ብርሃን ብቻ ያሳልፋል። 3.8 የሚለው የበለጠ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ለካሜራ ብቻ ነው፣ ዓይናችሁን እንዳታስጠጉ። ቀዳዳ እንደሌለው ሁሌም አረጋግጡ፣ ማነጣጠሪያዋንም ትንሽ ቴሌስኮፕ ክደኑ። ታዲያ ፀሐይን እንዴት እናገኛታለን? በጥላ! የቱቦው ጥላ መሬት ላይ በጣም ሲያጥር ደርሳችኋል።

በዚህ ፊልም የፀሐይ ነጠብጣቦችን ታያላችሁ። ከጠርዟ የሚነሳውን ነበልባል ከፈለጋችሁ ግን 656.28 ናኖሜትር ላይ የሚሠራ፣ የሃይድሮጅንን ቀይ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ የሃይድሮጅን አልፋ መሣሪያ ያስፈልጋል፣ ዋጋው ደግሞ ያስደነግጣል። (ኢንተርኔት ላይ የምታዩት ብርቱካናማ ቀለም ብዙ ጊዜ በኋላ የተቀባ ነው፤ ካሜራው ጥቁርና ነጭ ነው።)

ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ፣ መሬቱ ሳይግል ጀምሩ። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሻግራችሁ አታንሱ፣ ከላዩ የሚነሳው ሙቀት ምስሉን ያርገበግበዋል። ትኩረቱን በነጠብጣብ ጠርዝ አስተካክሉ፣ አይኤስኦውን (የካሜራውን ለብርሃን ያለ ስሜት) ዝቅ አድርጉ። አንድ ፎቶ ብቻ አንስታችሁ አትሂዱ፤ አጭር ቪዲዮ ቅረጹና አውቶስታከርት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ጥርት ያሉትን ፍሬሞች (የቪዲዮውን ነጠላ ምስሎች) አስመርጣችሁ አደራርቧቸው።