ጀልባዋ መገልበጥ እንዴት እንዳቆመች

ሱሉልታ ደጃችን ላይ፣ የሠራኋት ትንሽ የእንጨት ጀልባ ሳፋ ውስጥ ነፋስ በመጣ ቁጥር በጎኗ እየተኛች አስቸገረችኝ። ሸራውን ቀነስኩ፣ ወይ ፍንክች። ልጄማ «አባዬ፣ እንቅልፏ መጣ እኮ» ብላ ሳቀችብኝ።

ነገሩ የገባኝ የአንታርክቲካ አሳሹ ሻክልተን ትዝ ሲለኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ከኤሌፋንት ደሴት ወደ ደቡብ ጆርጂያ ደሴት ስድስት ሆነው 7 ሜትር ገደማ በምትሆን ጀልባ ሲሻገሩ፣ ከብርድ ልብስ በተሰፋ ከረጢት ጠጠር ሞልተው ከሥር ጭነው ነበር። በረዶ ከላይ ሲጋገርባት ደግሞ በመጥረቢያ ይፈነካክቱት ነበር፤ ክብደት ከላይ ከሆነ ይገለብጣላ። የእኔዋም ምሰሶዋ ከባድ፣ ሆዷ ባዶ።

ያረጀ ካልሲ ቆርጬ ጠጠር ሞላሁና ከወለሏ ጋር በሲባጎ ጠፈርኩት (መጀመሪያ ሳላስረው ተንሸራቶ ጭራሽ አባሰው)። አሁን ነፋሱ ሲገፋት ትጋደልና ቀና ትላለች።