የኢንተርኔት ፖለቲካ ስልክዎ ድረስ ሲመጣ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኢንተርኔት ሲዘጋም ሲከፈትም የሚያማክርዎ የለም። የሚከተሉት ስህተቶች ግን በእርስዎ እጅ ያሉ ናቸው።

«ቪፒኤን (የታገደ ድረ ገጽን በሌላ መንገድ የሚያስከፍት መተግበሪያ) አለኝ» ብሎ መዘናጋት። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲታገዱ ዳታው ስላልተቋረጠ ቪፒኤን ሠርቷል። ሰኔ 23 ቀን 2012፣ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ግን የጠፋው ኢንተርኔቱ ራሱ ነው፤ መስመር ከሌለ ቪፒኤኑም የለም። አስፈላጊ ሰነዶችንና ስልክ ቁጥሮችን አስቀድመው ስልክዎ ላይ ያውርዱ። ነጻ ቪፒኤን ደግሞ የሚጎበኟቸውን ድረ ገጾች ከቴሌኮሙ ሰውሮ ለራሱ ባለቤት ያሳያል። ባለቤቱን ካላወቁት ምን አተረፉ?

ቴሌግራም ላይ ምስጢር ማውራት። ተራው ቻትና ግሩፑ በሙሉ ኩባንያው ሊከፍተው በሚችል መልኩ ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል። ከላኪና ከተቀባይ ሌላ ማንም የማያነበው «ሲክሬት ቻት» ብቻ ነው፤ እሱም ለሁለት ሰው እንጂ ለግሩፕ አይሆንም። ሲግናልና ዋትስአፕ ምንም ሳይነኩ ይመሰጥራሉ፤ የዋትስአፕ ባክአፕ ግን ምስጠራውን ራስዎ ካላበሩት ክፍት ነው።

አካውንት ሲከፍቱ በኤስኤምኤስ በሚላክልዎ ኮድ ብቻ መተማመን። ለእርስዎ ቁጥር ምትክ ሲም ያወጣ ሰው ኮዱም ለእሱ ይደርሰዋል። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብተው «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን»ን ያብሩና ፓስወርድ ያስገቡ። እዚያው «ዲቫይስስ» የሚለው ውስጥ የማያውቁት ስልክ ካለ ያስወጡት።

መታወቂያን ለኮፒ ቤት ልኮ መሄድ። በእኛ ግምት በብዛት የሚፈጸመው ይሄኛው ነው። አራት ኪሎም ሆነ ፒያሳ «በቴሌግራም ላኩልኝ» ይባላሉ፣ ይልካሉ፣ ታትሞ ይሰጥዎታል። ፋይሉ ግን ኮምፒውተሩ ላይ «ዳውንሎድስ» ውስጥ ተኝቷል፤ ቻቱን ከሁለቱም ወገን ቢያጠፉት እንኳ የወረደው አይነካም። ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት ፋይሉን በሺፍት ዲሊት ያስጠፉ፤ ዲሊት ብቻ ከተጫነ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ይቀመጣል። በፍላሽ መውሰድም መፍትሔ አይደለም፣ ቫይረስ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ኮፒው ላይም ለምን ጉዳይና ለየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ከነቀኑ በእስክሪብቶ ይጻፉበት።

ሕጉን ለጠበቃ መተው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለ እርስዎ የተያዘውን መረጃ የማየትና የማስተካከል መብት ይሰጥዎታል፤ ጥያቄዎን በጽሑፍ አቅርበው ቅጂውን ያስቀሩ፣ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በሌላ በኩል የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጁ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ለተሠራጨ የጥላቻ ንግግር ወይም ሐሰተኛ መረጃ ቅጣቱን ያከብዳል። ትልቅ ገጽ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ያላጣሩትን ሼር ከማድረጋቸው በፊት ይህን ቁጥር ቢያስቡት ይሻላል።