አዲስ ኤሌክትሪክ ጊታር እንዴት ይመረቃል?

በትዕዛዝ የተሠራ ጊታር እጁ የገባለት ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። እንጨቱን ራሱ መርጧል። የአንገቱን ውፍረት፣ ፒክአፑን (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን)፣ ቀለሙን ከሠሪው ጋር ተመካክሮ ወስኗል። ከዚያ ወራት ጠብቋል። ጊታሩ ሲደርስ ደግሞ ጓደኞቹ የሚሉት የታወቀ ነው፦ «ታዲያ አይመረቅም እንዴ?»

ይመረቃል እንጂ! መኪና ይመረቃል፣ ቤት ይመረቃል። ጊታርም ይገባዋል። ብቻ ብዙ ጊዜ ሻንጣው ይከፈታል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ዋጋ ይጠየቃል፣ አለቀ። እንዲህ ያለ ምረቃ ለጊታሩም ለሠሪውም አይመጥንም። ጊታር ታየ የሚባለው ሲሰማና እጅ ለእጅ ሲዞር ነው። ለዚያ ቀን እንዴት እንደምትዘጋጁ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ይረፍ

ጊታሩ ከውጭ የመጣ ከሆነ ቤት እንደገባ ሻንጣውን ለመክፈት አትቸኩሉ። የአውሮፕላን ዕቃ ማስቀመጫ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ እንጨት ድንገት ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ሲወጣ ቀለሙ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በተለይ ናይትሮሴሉሎስ የሚባለውን ቫርኒሽ የተቀባ ከሆነ። ሻንጣው እንደተዘጋ ግማሽ ቀን ይቆይ። ይከብዳል፣ ግን ይቆይ።

ከዚያም በኋላ እስከ ምረቃው ድረስ ሳምንት ያህል ስጡት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በጋው ደረቅ ነው፣ ክረምቱ ደግሞ እርጥብ። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሌላ አገር በሚገባ ተስተካክሎ የተላከ አንገት እዚህ ሲደርስ ትንሽ ቢጎብጥ የሠሪው ጥፋት አይደለም። አገሩን እየለመደ ነው።

አስተካክሉት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ያልተስተካከለ ጊታር የቱንም ያህል ቢያምር ሰው እጅ ሲገባ ያሳፍራል።

ከአንገቱ ጀምሩ። መጀመሪያ ጊታሩን ቃኙ። ከዚያ ወፍራሙን ክር ፍሬት 1 ላይ (ፍሬት አንገቱ ላይ የተደረደረው ብረት ነው) በካፖ፣ ማለትም ክሩን ተጭኖ በሚይዝ መቆንጠጫ፣ ያዙት፣ አንገቱ ከአካሉ በሚጋጠምበት ፍሬት ላይ ደግሞ በጣታችሁ ጫኑት። አሁን ክሩ ቀጥ ያለ መስመር ሆኗል። ፍሬት 7 ወይም 8 አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ከ0.2 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ክፍተት ካለ ደህና ነው። በቀጭን ቢዝነስ ካርድ ሞክሩት። ካርዱ ክሩን ሳያነሳ ልክክ ብሎ ማለፍ አለበት። ክፍተቱ ከሰፋ አንገቱ ውስጥ ያለው ብረት፣ ትረስ ሮድ የሚባለው፣ ጠበቅ ይደረጋል። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አታዙሩት። ካልለመዳችሁት ለሚያውቅ ሰው ስጡ፤ ይህ በድፍረት የሚነካ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ የክሩ ከፍታ። ፍሬት 12 ላይ ቀጭኑ ክር 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ወፍራሙ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ ቢል ለብዙ ሰው እጅ ይመቻል። የእናንተ ምርጫ ከዚህ ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል። ለምረቃው ቀን ግን መሃለኛውን ያዙ፤ የሚጫወቱት ሌሎች ናቸውና። አንዳንዱ ሰው ክሩን አጥብቆ ነው የሚመታው።

ከዚያ ፍሬት 12 ላይ ክሩን ሳትጫኑ ነካ አድርጋችሁ ሃርሞኒክ፣ ደወል የመሰለውን ቀጭን ድምፅ፣ አውጡ። ቀጥሎ እዚያው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ምቱት። ሁለቱም መቃኛው ላይ እኩል ማሳየት አለባቸው። የተጫናችሁት ከፍ ካለ ብሪጁ (ክሩ አካሉ ላይ የሚያርፍበት) ላይ ያለውን የክሩን መቀመጫ ወደ ኋላ ሳቡ። ዝቅ ካለ ወደ ፊት ግፉ። በየክሩ ይህን አድርጉ።

አንድ ነገር በተለይ ለበጋ። መዳፋችሁን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉ። የሚቧጭር ነገር ከተሰማችሁ እንጨቱ ደርቆ ተሰብስቧል፤ የፍሬቱ ብረት ግን ስለማይሰበሰብ ጫፉ ወጣ ብሏል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው በትንሽ ሞረድ ያስተካክለዋል። ይህን ዓይን አያየውም። ጊታሩን የሚይዝ እጅ ግን ወዲያው ያውቀዋል።

ክሩን ከምረቃው አንድ ቀን በፊት ቀይሩ። እንግዳ ለሚበዛበት ቀን 10–46 (የቀጭኑና የወፍራሙ ክር ውፍረት በኢንች ሺኛ) ጥሩ ልክ ነው። አዲስ ክር ቅኝት አይዝም፤ በጣታችሁ ሳብ ሳብ አድርጉትና መልሳችሁ ቃኙ፣ ደግሞ ሳቡ፣ ደግሞ ቃኙ፣ እስኪረጋ።

ቦታ፣ ሰዓትና መብራት

ቅዳሜ ከሰዓት ይመረጣል። ሰው ከሥራ ወጥቷል፣ የመስኮት ብርሃን አለ፣ ጎረቤት አልተኛም። ጎረቤትን ቀድማችሁ አነጋግሩ። በግቢው ወይም በሕንፃው ለቅሶ ካለ ምረቃው ለሌላ ሳምንት ይዛወር። ጊታሩ የትም አይሄድም።

አምፑ፣ የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው፣ ትልቅ መሆን የለበትም። ለአንድ ሳሎን የ5 ዋት ቲዩብ አምፕ በቂ ነው፤ 15 ዋት ካላችሁማ ቮልዩሙን ግማሽ እንኳ አታደርሱትም። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የመጣ አምፕ 120 ቮልት ብቻ ሊሆን ስለሚችል ከጀርባው የተጻፈውን ሳታነቡ አትሰኩ። 120 ከሆነ ዋቱን የሚችል ትራንስፎርመር ያስፈልጋል።

ሲንግል ኮይል ፒክአፕ (አንድ ጥቅል ሽቦ ብቻ ያለው) ከሆነ እምም የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ጊታሩ ተበላሽቶ አይደለም። ፒክአፑ በአካባቢው ያለውን የኤሌክትሪክ መስመር እየሰማ ነው። ሀምበከር የሚባለው ፒክአፕ የተፈጠረው ለዚህ ችግር ነው፤ ሴት ላቨር የሚባል ሰው ጊብሰን የጊታር ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ በ1955 እ.ኤ.አ. አበጀው። ሁለት ጥቅል ሽቦ ጎን ለጎን ይሆናሉ። የሽቦዎቹና የማግኔቶቹ አቅጣጫ ተቃራኒ ስለሆነ የክሩ ድምፅ ይደመራል፣ እምምታው ይጣፋል።

ክሩን ስትነኩ እምምታው ቢቀንስ ደህና ነው። እጃችሁን ከነዘራችሁ ግን ወዲያው አጥፉ። ፒያሳ አካባቢ ባሉ የድሮ ቤቶች ሶኬቱ ግራውንድ የሌለው ሊሆን ይችላል፤ ኤሌክትሪሻን ሳያየው ሰው አታስነኩ። መብራት ቢጠፋስ? በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አምፕ ካላችሁ ቻርጅ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ምረቃው ሌላ ሰው ቤት ከሆነ ጊታሩን በታክሲ ስትወስዱ ቀጥ አድርጋችሁ በጉልበታችሁ መካከል ያዙት። ፖርቶመጋላ ላይ በፍጹም አይጫንም።

ማን ይጠራ?

ጥቂት ሰው። አምስት ስድስት ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ወሬው ጊታሩን ይውጠዋል። ሁሉም ጊታሪስት መሆን የለበትም። ክራር የሚጫወት ሰው ካለ ጥሩ፤ የክራር ሰው ክር እየመታ ስለኖረ የክርን ነገር ያውቃል።

በዕድሜ ገፋ ያለ አንድ ተጫዋች ግን እንዳይቀር። የዚህች ከተማ የጊታር ጆሮ የተገራው በባንዶች ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በራስ ሆቴል ይጫወት የነበረውን አይቤክስ ባንድን፣ ኋላም ሮሃ ባንድን፣ የጊታሪስታቸውን የሰላም ሥዩምን ጊታር እየሰሙ ያደጉ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። እነሱ ጊታርን የሚመዝኑት በጩኸቱ አይደለም። ከዘፋኙ ጀርባ ሆኖ ምን ያህል ጠርቶ እንደሚሰማ ነው የሚያዳምጡት። እኔም ትክክለኛው ሚዛን ይህ ይመስለኛል።

ሻንጣው ሲከፈት

ጊታሩን መስኮት አጠገብ አውጡ። የካሜራ ፍላሽ አያስፈልግም። በተለይ ፊቱ ፍሌም ሜፕል (ነበልባል የመሰለ መስመር ያለው የሜፕል እንጨት) ከሆነ ከጎን የሚመጣ ብርሃን ይሻላል። ቀጥ አድርጋችሁ ስትይዙት ገርጣ ያለ እንጨት ነው። ወደ መስኮቱ ትንሽ ዘንበል ስታደርጉት ጥቁሩ መስመር ይበራል፣ የበራው ይጠቁራል። የእንጨቱ ጭረት እየተጣመመ ስላደገ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ነው የሚመልሰው። ይህ ፎቶ ላይ አይታይም። ስለዚህ እያንዳንዱ እንግዳ ራሱ ዘንበል አድርጎ ይየው።

ዝርዝሩን አጠር አድርጋችሁ ተናገሩ፦ አካሉ ምን እንጨት ነው፣ አንገቱስ፣ የክሩ ርዝመት የሌላው ጊታር ሠሪ የፌንደር 648 ሚሊ ሜትር ነው ወይስ ወደ ጊብሰን 628 ይቀርባል፣ ለምንስ መረጣችሁት። «ለምን» የሚለው ነው የሚጣፍጠው። አጭሩ ርዝመት ክር ለመሳብ ይለሰልሳል። ረጅሙ ወጠር ብሎ ይጠራል። ይህን አውቃችሁ ከመረጣችሁ ተናገሩት፤ የትዕዛዝ ጊታር ወጉ ይህ ነው።

መቆሚያ ላይ ስታቆሙት ተጠንቀቁ። አንዳንድ የጎማና የስፖንጅ ሽፋን ናይትሮሴሉሎስ ቀለምን ያበላሻል። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጣል አድርጉበት።

መጀመሪያ ንጹሕ ድምፅ

ኤፌክት የለም። ዲስቶርሽን፣ ድምፁን የሚያሻክረው፣ የለም። የጊታሩን ቮልዩምና ቶን ሙሉ ክፈቱ፣ አንድ ኮርድ ምቱና ድምፁ እስኪያልቅ ተዉት። ከዚያ ፒክአፖቹን በየተራ አሰሙ። የአንገቱ ወፍራምና ለስላሳ ነው፤ የብሪጁ ስል ነው።

ቀጥሎ ወደ ቅኝት ግቡ። ትዝታ ሜጀርን ከኤ ጀምሩት፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ። ቀስ ብላችሁ፣ ክሩን እየሳባችሁ። ድምፁ ምን ያህል እንደሚቆይ እዚህ ይለያል። ባቲ ማይነር ኖታዎቹ ከብሉዝ ማይነር ፔንታቶኒክ ጋር አንድ ስለሆኑ ሮክ የሚወደውም ሰው ይደሰታል። ዋናው ፈተና ግን አንቺሆዬ ነው። ከኢ፦ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ ሻርፕ። ኢና ኤፍ፣ ኤና ቢ ፍላት ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው የሚለያዩት። ትንሽ ዲስቶርሽን ጨምራችሁ ሁለቱን አብራችሁ ምቱ። ደካማ ፒክአፕ ያጨቀያቸዋል። ጥሩ ፒክአፕ ሁለቱንም ለየብቻ ያሰማል።

አምስት ደቂቃ ያህል ከተጫወታችሁ ይበቃል። ተነሱ።

አዙሩት

ቀድሞ ለታላቅየው ይሰጥ። «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይመርቁልኝ» ብላችሁ በሁለት እጅ አቀብሉ። የሚያውቅ ሰው ከሆነ ወዲያው አይመታውም። የጊታሩን ጭንቅላት ወደ ዓይኑ አስጠግቶ በአንገቱ ላይ እንደ ጠመንጃ ያነጣጥራል፤ ቀጥታነቱን እያየ ነው። ከዚያ ሳይሰካ ይመታል። ጆሮውን አካሉ ላይ ይለጥፋል። አትናገሩ፣ አታስረዱ። ሰው ሲጫወት «ይሄኛውን ስዊች ሞክረው» ማለት ደስ አይልም።

ከዚያ ለሁሉም በየተራ። ሳታፍሩ ጠይቁ፦ የቀበቶ ዘለበት ወደ ጎን ይዙር፣ የጃኬት ዚፕ ይከፈት፣ ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ። ፈንድሻ የበላ እጁን ይታጠብ። ቡናው ሌላ ጥግ ይፈላ፣ ጠረጴዛውም ከጊታሩ ይራቅ። ማንም አይቀየምም፤ ሁሉም ዕቃ ወዳድ ነው።

አስተያየት ሲሰጡ አዳምጡ። «አንገቱ ወፍሮብኛል» ያለ ሰው ጊታሩን አልሰደበም፤ የእጁን ልክ ነገራችሁ። ሁለት ሦስት ሰው ስለ አንድ ነገር ከተናገረ ግን ጻፉትና ለሠሪው ላኩለት። ጥሩ ሠሪ ይህን ማወቅ ይፈልጋል።

«ስንት ነው?» እና «አውሰኝ»

ሁለቱም ጥያቄዎች ይመጣሉ። ዋጋውን መናገር ካልፈለጋችሁ «የትዕዛዝ ነው፣ እንደ ምርጫው ይለያያል» በሉና ማዘዝ ለሚፈልግ ለብቻው ሙሉውን አስረዱት፦ የሠሪውን ዋጋ፣ ማጓጓዣውን፣ ቀረጡን። የእንጨቱ ዓይነት የተጻፈበት ወረቀት ከሠሪው እንዲቀበልም ንገሩት። ያለቀለት የሙዚቃ መሣሪያ ከ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ከአብዛኛው የሮዝውድ (ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት የሚገደብ እንጨት) ቁጥጥር ነፃ ነው። የብራዚል ሮዝውድ ግን ዛሬም በጥብቅ የተከለለ ነው።

ውሰትን በተመለከተ መልሳችሁን ከምረቃው ቀን በፊት ወስኑ። ለመድረክ ሥራ ታውሳላችሁ ወይስ አታውሱም? አላውስም ካላችሁ «ቤት ናና የፈለግከውን ያህል ተጫወት» በሉ፣ ስትሉም የምር ይሁን። እንግዶች ሲሸኙ ክሩንና አንገቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ላብ ክር ያዝጋል። ቅኝቱን አታላሉ፣ እንዳለ ሻንጣው ውስጥ ይግባ። ቁልፉን እናንተ ያዙ።