ምላጩን ያስቀምጡ፦ ስቲከርና ሙጫን ከመኪና ቀለም ላይ እንዴት እናስለቅቅ?

ባሕር ዳር ውስጥ ስቲከር ያልተለጠፈበት ባጃጅ ማግኘት ከባድ ነው። አንዱ የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል፣ ሌላው የአርሴናልን ዓርማ፣ ሦስተኛው ምቀኛን የሚያሳፍር ጥቅስ ለጥፎበታል። መለጠፉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጣጣው የሚመጣው ተሽከርካሪው ሲሸጥ ወይም ባለቤቱ ቡድን ሲቀይር ነው። (ቡድን የሚቀይር ሰው አለ ወይ? አለ፤ አይቻለሁ።)

እኔ ይህን ሥራ የተማርኩት ከስሬ ነው። ቀድሞ ታክሲ የነበረ ሚኒባስ ገዝቼ የጎኑን ጽሑፍ ለማንሳት ቸኮልኩና ቲነር በተነከረ ጨርቅ አሸሁት። ሙጫው ለቀቀ። ጨርቁን ገልብጬ ሳየው ግን ሰማያዊ ሆኗል። በሩ ከፋብሪካ በወጣበት ቀለም ላይ እንዳልነበረ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚነኩት ቀለም ምን ዓይነት እንደሆነ ይወቁ። ፋብሪካ ውስጥ የተቀባ አካል እስከ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ስለሚጋገር ጠንካራ ነው። ጋራዥ ውስጥ በድጋሚ የተቀባው ግን ብዙውን ጊዜ የሚደርቀው በአየር ወይም በዝቅተኛ ሙቀት ስለሆነ ለፈሳሽ ኬሚካል ቶሎ ይረታል። በድጋሚ መቀባቱን ለማወቅ የበሩንና የመስኮቱን ጎማ ጠርዝ ይመልከቱ፤ ጎማው ላይ የቀለም ርጭት ካለ ነገሩ ግልጽ ነው። ከዚያ በሩን ከፍተው በማይታየው የውስጥ ጠርዝ ላይ፣ ሊጠቀሙበት ያሰቡትን ፈሳሽ በነጭ ጨርቅ ጥቂት አድርገው ይሹ። ጨርቁ ቀለም ካነሳ ወይም ቦታው ከደበዘዘ ያ ፈሳሽ ለእርስዎ መኪና አይሆንም። ፋብሪካ የቀባውም ቢሆን እጅግ ስስ ነው፤ ከላይ ያለው ግልጽ ሽፋን ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ያንሳል። ምላጭና ብርጭቆ ወረቀት የማይነኩት ለዚህ ነው።

መኪናውን በሳሙናና በብዙ ውኃ ይጠቡ። አቧራው ካልወጣ፣ በኋላ ሲያሹት ራሱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል።

ቀጥሎ ያለውን አንድ ነገር ይያዙልኝ፦ ስቲከሩን በፀሐይ ይላጡ፣ ሙጫውን በጥላ ያጽዱ። ሙጫ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይደርቅና ስቲከሩ እንዲቆራረጥ ያደርጋል። የባሕር ዳር የረፋድ ፀሐይ፣ በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ግማሹን ሥራ በነጻ ይሠራልዎታል። በአንጻሩ ከቀትር በኋላ በሚፋጅ ኮፈን ላይ ፈሳሽ ቢያፈሱ ሥራውን ሳይሠራ ተንኖ ነጠብጣብ ትቶ ይሄዳል።

ፀሐይ ካልበቃ ፀጉር ማድረቂያ ይጠቀሙ። ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ያህል አርቀው፣ አንድ ቦታ ላይ ሳያቆሙ፣ ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሱ ለአንድ ደቂቃ ያህል ያሙቁት። መለኪያው መዳፍዎ ነው፤ እጅዎን አሳርፈው መቆየት ካልቻሉ ሙቀቱ በዝቷል። መብራት ከጠፋ በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ ደራርበው ያስቀምጡበት። ቀዝቃዛ ፓራብሬዛ ላይ ግን የፈላ ውኃ አያፍስሱ፤ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

አሁን አንዱን ጥግ በጥፍርዎ ወይም ጊዜው ባለፈበት የኤቲኤም ካርድ ያንሱ። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ይሳሳታል፦ ወደ ላይ ይጎትታል። ስቲከሩን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ፣ በራሱ ላይ አጥፈው፣ ከመኪናው አካል ጋር ሊነካካ እስኪል ዝቅ አድርገው በዝግታ ይሳቡት። በዝግታ ሲሳብ ሙጫው ከስቲከሩ ጋር የመምጣት ዕድሉ ይሰፋል። ሲጠነክርብዎት ቆም ብለው እንደገና ያሙቁ። ለዓመታት ፀሐይ የመታው ስቲከር እንደ ደረቀ እንጀራ ይፈረፈራል፤ እሱን በትንሽ በትንሹ ከመልቀም ሌላ መላ የለውም።

የፋብሪካ ዓርማ ወይም ወፈር ያለ የፕላስቲክ ጽሑፍ ከሆነ ካርድ አያገለግልም፤ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ መሰል ማጣበቂያ ነው። እዚህ የጣና ዓሣ አጥማጆች ለመንጠቆ የሚጠቀሙበት ናይለን ክር ወርቅ ነው። ዓርማውን ካሞቁ በኋላ ክሩን በሁለት እጅዎ ወጥረው ከጀርባው ያስገቡና እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ይሳቡት። ለአምባዛ የሚበረታ ክር ለዚህ አያንስም። ጣትዎን እንዳይቆርጥዎ ጨርቅ ይጠቅልሉበት።

የቀረውን ሙጫ ለማጽዳት መኪናውን ወደ ጥላ ያስገቡና አካሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ከለዘብተኛው ይጀምሩ፦ የምግብ ዘይት በጥጥ ነክረው ሙጫው ላይ ለጥፈው ሩብ ሰዓት ያህል ይተዉት። ከዚያ በአውራ ጣትዎ ገፋ ገፋ ሲያደርጉት ሙጫው እየተጠቀለለ ይነሳል። እምቢ ያለውን ፋርማሲ በሚሸጠው አልኮል፣ እሱም ካልሆነ በጥቂት ነጭ ጋዝ በለስላሳ ጨርቅ ያጽዱ። ነጭ ጋዝ ሲይዙ ሲጋራም የቡና ከሰልም አጠገብዎ አይኑር። ማንኛውንም ፈሳሽ ቀለሙ ላይ አያሳድሩ፤ ወዲያው በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥበው ያለቅልቁ።

ቲነር፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያና የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላሉ። ቤንዚን ደግሞ እሳቱ ይቅርና ትነቱ ብቻ ለጉዳት ይበቃል። የባጃጅ ፊት ፕላስቲክና የመብራት ሽፋን ላይ ከዘይትና ከሳሙና አይለፉ፤ አንዳንዱ ፕላስቲክ በኬሚካል ይነጣል ወይም ይሰነጠቃል።

መስታወት የተለየ ነው። ያለፈውን ዓመት ቦሎ በሳሙና ውኃ አርሰው፣ አዲስ ምላጭ አጋድመው መፋቅ ይችላሉ፤ የዘንድሮውን እንዳያነሱ ብቻ ይጠንቀቁ። በኋላው መስታወት ውስጠኛ ክፍል ግን ቀጫጭን የማሞቂያ መስመሮች ካሉ ምላጩን ይተዉት።

ይህን ሁሉ ሐይቁ ዳር አያድርጉት። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ተመዝግቧል፤ እምቦጩ ሳይበቃው የእኛ ጋዝና ዘይት አይጨመርበት። ላቫጆ ወይም ግቢ ይበቃል፤ ሙጫ የነካውን ጨርቅም ከቆሻሻ ጋር ይጣሉት።

ሁሉም ከጸዳ በኋላ ጽሑፉ አሁንም የሚነበብ ከሆነ አይደንግጡ፤ ሙጫ አይደለም። ስቲከሩ የሸፈነው ቀለም ፀሐይ ስላላየው ዙሪያው ሲደበዝዝ እሱ እንደ ነበረ ቀርቷል። መፈተግ ምንም አይፈይድም። ለስላሳ ፖሊሽ ሰፋ አድርገው፣ ደብዛዛውን ዙሪያ ጭምር ያሹበት፤ ከዚያ ሰም ይቀቡት። በሁለተኛው ፖሊሽ ካልጠፋ ያቁሙ፤ የሚያነሱት ያንኑ ስስ ሽፋን ነው። የእኔ ሚኒባስ በሌላኛው ጎኑ ላይ፣ ማታ ፀሐይዋ ከጣና በላይ ዘንበል ስትል፣ የድሮው መሥመር ስም አሁንም ይነበባል። አንዳንድ ተሳፋሪ እሱን አይቶ ያስቆመኛል።