ገበሬ አባታችሁ ሲያርፉ የሕይወት ታሪካቸውን እንዴት ትጽፋላችሁ?

አባቴ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ዕድሜ ልኩን ያረሰ ሰው ነው። ያረፈ ዕለት ሌሊት «የተማርሽው አንቺ ነሽ፣ ጻፊ» ተባልኩና ወረቀትና እስክሪብቶ ተሰጠኝ። የጻፍኩት በየለቅሶው የምንሰማውን ነው። ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት ተወለዱ፤ ትዳር መሥርተው ልጆች አፈሩ፤ ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ሃይማኖታቸውን ወዳድ ነበሩ፤ ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው አረፉ። ሲነበብ ሰው አለቀሰ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ፣ ስሙ ቢለወጥ ለየትኛውም ሽማግሌ ሊነበብ እንደሚችል ገባኝ። አባቴ እዚያ ወረቀት ላይ አልነበረም።

ለሙት ዓመቱ እንደገና ጻፍኩት፤ አሥር ወር ፈጀብኝ። እንዴት እንደሄድኩበት ልንገራችሁ፣ እናንተ በአንድ ሌሊት እንዳትጨነቁ። አባታችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ ዛሬውኑ ጀምሩት።

ከልደት አትነሡ፤ ከዕቃው ተነሡ። የእርሻ ዕቃው ከተሰቀለበት ግቡና አንድ በአንድ እያወረዳችሁ አገላብጡት፦ ሞፈሩን፣ ቀንበሩን፣ እርፉን፣ ድግሩን፣ ማረሻውን። የቱ ጋ እንዳለቀ፣ በምን እንደተጠገነ ጻፉ። የአባቴ ቀንበር አንደኛው ጎኑ በጨርቅ ተጠቅልሎ በጠፍር ታስሯል። ጨርቁ ከላብና ከአፈር ብዛት ጠቁሮ ቆዳ መስሏል፤ ጠርዙን ገለጥ ሳደርገው ግን ውስጡ ነጭ ነው፣ የጋቢ ፈትል። ለምን እንደሆነ ከልጆቹ የሚያውቅ አልነበረም። ጎረቤታችን ዘንድ ሄድኩ።

«አባትሽ አንድ በሬው ሞተበት፤ እኔም አንድ ብቻ ነበረኝና ተቀናጀን» አሉኝ። «የኔ ቡሬ ጫንቃው ቆስሎ ነበር። እኔ ጅራፍ ሳነሣ አባትሽ በሬዎቹን ፈታቸው። በነጋታው ቀንበሩን በጋቢ ጠቅልሎ መጣ። ኋላ ሁለተኛ በሬ ገዝቶ ከተለያየንም በኋላ ጨርቁን አልፈታውም።»

«ደግ ነበሩ» የሚለውን ቃል ሰርዤ ይህን ጻፍኩ።

ቀጥሎ የአንድ ዓመት ሥራውን በየወሩ ጻፉ፣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን። ብዙ ሰው «ታታሪ ገበሬ ነበሩ» ብሎ ያልፈዋል፤ ትጋቱ ግን የሚታየው ሲቆጠር ነው። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው፣ ሩብ ሄክታር ገደማ። አባቴ 4 ጥማድ ጤፍ ይዘራ ነበር። ለጤፍ ደግሞ መሬቱ ተገምሶ፣ ታይሞ፣ ተሠልሶም (አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ታርሶም) አይበቃውም፤ እሱ እስከ 5 ጊዜ ያርሰው ነበር። ስለዚህ ለጤፉ ብቻ በዓመት 20 ቀን ከበሬ ኋላ ይሄዳል። በ40 ዓመት 800 ቀን። ገብሱ፣ ስንዴው፣ አረሙ፣ አጨዳው፣ ውቂያው ገና አልተነካም። ይህን ስጽፍ ወንድሜ ብዕሬን ያዘኝና ዝም አለ፤ ሁላችንም አብረን አድገን ማናችንም ቆጥረነው አናውቅም ነበር። ሥራው ሲጠራ በአገሩ ስም ይጠራ። ደቦ ከሆነ ደቦ፣ ወንፈል ከሆነ ወንፈል በሉት፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ደቦ ባለ እርሻው ጎረቤቱን ጠርቶ አብልቶና አጠጥቶ የሚያሠራው ነው፣ ወንፈል ጉልበት በተራ የሚመላለሱበት፤ የሰማ ገበሬ ሁሉ ይለየዋል።

ዓመተ ምሕረት ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። የቀበሌ መታወቂያ ላይ ያለው ዕድሜ ብዙ ጊዜ ግምት ነው፤ አትመኑት። አባቶቻችን ዘመን የሚቆጥሩት በሆነ ነገር ነው፤ እናንተም በዚያው ቁጠሩ። የታኅሣሥ ግርግር 1953 ነው። የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር የተነሣ ያመፀው 1960። ንጉሡ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967፣ የገጠር መሬት ዐዋጅ የወጣው በዚያው ዓመት የካቲት 25። መሠረተ ትምህርት 1971፣ ድርቁ 1977፣ ደርግ የወደቀው ግንቦት 1983፣ በክልላችን መሬት የተሸነሸነው 1989። «ያኔ ምን ታደርጉ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። አባቴ በታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ጥጃ ይጠብቅ እንደነበር አክስቴ ታስታውሳለች። ጥጃ ጠባቂ ልጅ ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ስለዚህ «በ1940ዎቹ አጋማሽ ተወለዱ» ብዬ ጻፍኩ። ያላወቅነውን ቀን ፈጥሮ ከመጻፍ ይህ ይሻላል። ውጭ አገር ላሉ የልጅ ልጆች ወደ ፈረንጅ ስትመልሱ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ጨምሩ።

መሬቱን በእግራችሁ ዙሩት። እያንዳንዱ ቁራጭ ስም አለው፤ ስሙን የሚያውቁ ሽማግሌዎች እየቀነሱ ነው። የትኛው የአያት ርስት እንደነበረ፣ የትኛው በ1989 እንደተቀነሰ ወይም እንደተጨመረ ጠይቁ። የይዞታ ደብተሩንም ግለጡት። እኛ ቤት እናትና አባቴ ጎን ለጎን የሚታዩበት ፎቶ እዚያ ደብተር ላይ የተለጠፈው ብቻ ነው። አባቴ የፈረመበትን ቦታ ሳየው ፊደሎቹ ትልልቅና የተራራቁ ናቸው፤ ስሙን መጻፍ የተማረው ጎልማሳ ሆኖ በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ከዚያ በፊት በጣት አሻራ ነበር የሚፈርመው።

ሰው ስትጠይቁ «ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አትበሉ። መልሱ «እግዜር ነፍሱን ይማረው፣ ደግ ሰው» ነው፤ ከዚያ አያልፍም። «ጠዋት ሲነሣ መጀመሪያ ምን ይነካ ነበር?» «ምን ሲያይ ይቆጣ ነበር?» «በሬዎቹን ምን እያለ ነበር የሚጠራቸው?» በሉ። ዘመድ ብቻም አትጠይቁ። አብሯቸው ያረሰውን፣ በልጅነት አብሯቸው ከብት የጠበቀውን፣ ያስታረቋቸውን ባልና ሚስት፣ የክርስትና ልጃቸውን ፈልጉ። ድምፃቸውን በስልካችሁ ቅዱ፣ ግን አስፈቅዳችሁ። ለቅሶ ቤት ውስጥ አትጠይቁ፤ አርባው ይውጣ። ለቅሶ ላይ የተሰጠውን የሙሾ ግጥም ግን ዕለቱን ጻፉት፤ አልቃሿ ሟቹን የምታውቅ ከሆነች እናንተ የማታውቁትን ትናገራለች፣ ከሳምንት በኋላ ግን እሷም አትደግመውም።

እናታችሁን ለብቻ አስቀምጧት። እኔ ሦስት ጊዜ ቡና አብሬያት ጠጥቼ ነው አንዱን ወሬ ያገኘሁት። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ «አምስት ልጆች አፍርተዋል» ብዬ ነበር። እናቴ «አምስት አይደላችሁም እኮ፣ ሰባት ናችሁ» አለችኝ። ሁለቱ በሕፃንነታቸው ሞተዋል፤ ሁለቱንም አባቴ ራሱ ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን ወስዷቸዋል፣ ሁለተኛዋን በዝናብ። የሞቱትን አትዝለሉ፤ ስማቸውን ጻፉ። የእናታችሁንም ሥራ አትዝለሉ። «ባለቤታቸው አብረዋቸው ደክመዋል» የምትል አንዲት መስመር አትበቃም። አረሙን ማን አረመ? አውድማው በእበት ሲለቀለቅ ማን ለቀለቀው?

ጠብም ይኖራል። አባቴ ከታናሽ ወንድሙ ጋር በድንበር ምክንያት ስድስት ዓመት አይነጋገርም ነበር። ልተወው ብዬ ነበር፤ አጎቴን ስጠይቀው «ጻፊው፣ ታርቀን የለ» አለ። ባለጉዳዩ ካልፈቀደ ግን አትጻፉ፤ እሱ ጎረቤቶቹ መሃል የሚኖር ሰው ነው።

አጻጻፉን በአጭሩ፦ ሲነበብ በ«አንቱ» ይሁን፣ እስከ መጨረሻውም አይቀያየር። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን፤ ሜዳ ላይ፣ በነፋስና በልቅሶ መካከል ነው የሚሰማው። ለንባብ አንድ ገጽ ተኩል ይበቃል፤ የተረፈው በደብተር ይቀመጥ። የክርስትና ስማቸውን ከቤተሰቡ አረጋግጡ። ከማንበባችሁ በፊት ለአንድ ያልተማረ ሽማግሌ አንብቡለት፤ የማይገባው ቃል ካለ ያ ቃል ይውጣ። በገጹ ዳር ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ መተው አትርሱ።

የኔን የሙት ዓመቱ ዕለት ወንድሜ አነበበው። የቀንበሩ ጋ ሲደርስ ጎረቤታችን ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ወንድሜ «ጋቢያቸውን ቀደው» ሲል ከሴቶቹ መሃል የእናቴ ድምፅ ተሰማ።

«ጋቢው የኔ ነበር» አለች። «የሱ ቀድሞ አልቋል። አምጪ አለኝ፣ ሰጠሁት።»

ወንድሜ ንባቡን አቁሞ እስክሪብቶ ተቀበለኝና ዳር ላይ ባለው ባዶ ቦታ ጻፈው። ወረቀቱ አሁን ከይዞታ ደብተሩ ጋር እናቴ ሳጥን ውስጥ ነው።