የድሮው ዴሉክስ ሪቨርብ ወይስ ሪኢሹው? ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አምፑን የሚሸከመው ማነው?

አልቀለድኩም። ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ የሚባለው የጊታር ድምፅ ማጉያ (አምፕ) 19 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሠርግ ተጫውቼ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስገባ ደረጃው ላይ ስለ ድምፅ አላስብም፤ ስለ ወገቤ ነው የማስበው። ታላቅ ወንድሙ ትዊን ሪቨርብማ ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል። እሱን የፈለገ ሰው ጉልበተኛ ድራመር ቀድሞ ይወዳጅ።

ሁለት ዴሉክስ ሪቨርብ አለኝ። አንዱ የ1972 ሥሪት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሌላው ሪኢሹው ነው። ፋብሪካው የ1965ቱን መልክና ሰርኪዩት (የውስጥ የኤሌክትሪክ አሠራር) ይዞ ከ1993 ጀምሮ እንደገና የሚያመርተው ማለት ነው። ጊታር የሚጫወቱ ልጆች "የቱ ይሻላል?" እያሉ ይደውሉልኛል። መልሴ ስለሚረዝም ይኸው ጻፍኩት።

ወረቀት ላይ ሁለቱ መንታ ናቸው። 22 ዋት፣ አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር፣ ዘጠኝ ቲዩብ (አምፖል የሚመስሉት የመስታወት ዕቃዎች)። ልዩነቱ ሆዳቸው ውስጥ ነው። የድሮው ዕቃዎች አንድ በአንድ በእጅ የተበየዱ ናቸው። የሪኢሹው ደግሞ እንደማንኛውም የዛሬ ኤሌክትሮኒክስ ሰርኪዩት ቦርድ ላይ ተደርድረዋል። ብዙ ሰው "በእጅ የተሠራው ድምፁ ይለያል" ይላል። እኔ ጥቅሙን ያየሁት ጥገና ላይ ነው። የድሮው የቮልዩም ቁልፍ ቢበላሽ ሽቦውን ፈትቶ አዲስ መበየድ ነው። ሪኢሹው ላይ ቁልፉ ከቦርዱ ጋር ስለተበየደ ቦርዱ ከነዘመዶቹ መውጣት አለበት።

ስለ ድሮዎቹ ቀለም ትንሽ ልበል፤ ዋጋውን የሚወስነው እሱ ነውና። ሲቢኤስ የሚባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥንና ሬዲዮ ኩባንያ ፌንደርን የገዛው በ1965 መጀመሪያ ነው። ከዚያም በኋላ እስከ 1967 ድረስ የፊት ሳህኑ ጥቁር ነበር፤ ከ1968 ጀምሮ ብርማ ሆነ። ሰብሳቢዎች ለጥቁሩ ኪሳቸውን ያራግፋሉ። ዴሉክስ ሪቨርብ ላይ ግን በብርማው ዘመን የተቀየረው ነገር ጥቂት ነው፤ ጎበዝ ጠጋኝ ወደ ጥቁሩ ሰርኪዩት ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ የድሮ አምፕ ለመጫወት ከሆነ የምትፈልጉት ብርማውን እዩ። ጥቁሩን ባንክ ላላቸው ተዉላቸው።

አሁን የኔን ጉድ ልንገራችሁ። የ1972ቱን ከአንድ ሰው ጋራዥ በ900 ዶላር ገዛሁት። ሰውዬው "ምንም አልተነካም፣ ሁሉም ኦሪጅናል ነው" አለኝ። እኔ ጮቤ ረገጥኩ። ሁለተኛው ሠርግ ላይ፣ ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ፣ አምፑ ዝቅ ባለ ድምፅ ያጉረመርም ጀመር። ከዚያ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ከዚያ ጸጥ። ያን ቀን እስክስታው በኪቦርድ ብቻ ተመታ፤ የሙሽራው አጎት እስካሁን ሲያገኘኝ "መብራት መጣ?" ይለኛል።

ጋሼ የምላቸው ጠጋኝ ከፍተው ሲያዩት ካፓሲተሮቹ (ኮረንቲ የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች) 40 ዓመት ሙሉ አልተቀየሩም። ኤሌክትሮላይቲክ የሚባሉት ካፓሲተሮች ውስጣቸው እርጥብ ነገር አለ። በ20 ዓመት አካባቢ መድረቅ ይጀምራሉ፤ አምፑ ባይሠራበትም ይደርቃሉ። እነሱን አስቀየርኩ፣ የኃይል ቲዩቦቹን አስለወጥኩ፣ ገመዱን አሳደስኩ፤ 380 ዶላር። እንግዲህ አምፑ የ900 ሳይሆን የ1,280 ዶላር ነበር። የድሮ አምፕ ስታዩ ሒሳባችሁን ከዚህ ጀምሩ። ሻጩ "ካፓሲተሮቹ ተቀይረዋል" ካለ መቼና በማን እንደተቀየሩ፣ ደረሰኝም ካለ ጠይቁ። "አልተነካም" ካለ ጥገናውን ከዋጋው ላይ ቀንሱ።

ልታዩ ስትሄዱ የራሳችሁን ጊታር ያዙ። ሰው ቤት ባለ ጊታር የተፈተነ አምፕ ሁሉ ያምራል። ሻጩ አስቀድሞ እንዳያሞቀው ንገሩት፤ ከቀዝቃዛ ሲነሳ ስሙት። ጊታሩን ሳትሰኩ ቮልዩሙን ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉ። ትንሽ ሽሽታ ያለ ነው። ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ሆኖም የማይጠፋ ወፍራም ጉርምርምታ ካለ ግን ካፓሲተር ጠርጥሩ። ቁልፎቹ ሲዞሩ ኮሽኮሽ ካሉ አትደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ማጽጃ ስፕሬይ ይበቃል። ከኋላ ቲዩቦቹን አንድ በአንድ በእርሳስ ጫፍ ነካ ነካ አድርጉ። እንደ ደወል የሚጮኽ ካለ እሱ ይቀየራል፤ ቀላል ወጪ ነው። ከዚያ ሳትቸኩሉ ቢያንስ 40 ደቂቃ ተጫወቱበት። የኔው አምፕ ጋራዡ ውስጥ ለ10 ደቂቃ መልአክ ነበር።

ስፒከሩን በስልካችሁ መብራት እዩት፤ ወረቀቱ ተቀዷል ወይ? ጀርባው ላይ የታተመ ቁጥርም አለ። በ220 ከጀመረ ጄንሰን፣ በ465 ከጀመረ ኦክስፎርድ የሚባለው ኩባንያ የሠራው ነው። ቀጥሎ ዓመቱና ሳምንቱ ይመጣል። 465217 ቢል ኦክስፎርድ፣ በ2 በሚያልቅ ዓመት፣ 17ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው። ትራንስፎርመሮቹ ላይም በ606 የሚጀምር ተመሳሳይ ቁጥር ታገኛላችሁ። ቁጥሮቹ የሚያሳዩት ጊዜ እርስ በርስ በጣም ከተራራቀ አንዱ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ድምፁ ላይጎዳ ይችላል፤ ዋጋው ግን መውረድ አለበት።

አንድ ምስጢር። ቫይብራቶው አይሠራም ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ዴሉክስ ሪቨርብ አለ። ብዙ ጊዜ የጠፋው የእግር ፔዳሉ ነው። ፔዳሉ ካልተሰካ ቫይብራቶው ዝም ይላል። (በነገራችን ላይ ፌንደር ቫይብራቶ ብሎ የጻፈው ነገር ትሬሞሎ ነው፤ የሚርገበገበው ኖታው ሳይሆን የድምፁ ጉልበት ነው።) ፔዳሉን ይዛችሁ ሂዱ፤ የቀረውን እናንተ ታውቃላችሁ።

ገመዱ ባለ ሁለት እግር ሶኬት ከሆነ ሳታስቀይሩ መድረክ ላይ እንዳታወጡት። እኔ አንድ እጄ ጊታር ላይ ሆኖ ከንፈሬ ማይክ ሲነካ ነዝሮኝ ያውቃል፤ ምላሴ ሳይቀር ነው የደነዘዘው። ባለ ሦስት እግር ከግራውንድ ጋር ይገባለታል፤ ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ነው። ግን ራሳችሁ እንዳትከፍቱት። ውስጡ ከ400 ቮልት በላይ አለ፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ኮረንቲውን ይዘው ይቆያሉ። ስፒከሩን ነቅላችሁም አታብሩት። ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል።

ሪኢሹውን የገዛሁት ከዚያ ሠርግ በኋላ ነው፤ ያገለገለ፣ 800 ዶላር። በየሳምንቱ የሚሠራ ሰው ይሄን ይግዛ ባይ ነኝ። ሲበላሽ መለዋወጫው አለ፣ ቢሰረቅ ሌላ ይገኛል፣ ሰው ቢራ ቢደፋበትም እንደ ሐዘን ቤት አልቀመጥም። አዲስ ከሆነ ዋስትናም አለው። የኃይል ቲዩቦቹ ከድሮው ጋር አንድ ዓይነት ናቸው፤ 6ቪ6 የሚባለው ለሁለቱም ይሆናል። የኃይል ቲዩብ ስትቀይሩ ግን ጠጋኝ ባያሱን (የቲዩቡን የኮረንቲ ልክ) ይለካላችሁ።

ሰው የሚያማርርበት ነገር ድምፁ ስለታም መሆኑ ነው። እውነት ነው፣ ጆሮ ይወጋል። አዲስ ስፒከር ደረቅ ነው፤ ወራት ከተጫወታችሁበት ይላላል። እስከዚያ ትሬብሉን 3 ላይ አውርዱት። ወይም ኖርማል የሚለው ቻናል ላይ ሰኩ። ሪቨርብ (የገደል ማሚቶ ዓይነት ማስተጋባት) የለውም፣ ግን ረጋ ያለ ነው። ለችክችካ ምት እኔ እሱን ነው የምጠቀመው፤ ሪቨርብ ምቱን ያጨቀየዋል። ሪኢሹ ሆኖ በእጅ የተበየደም አለ፣ የ64 ከስተም የሚሉት። ደስ ይላል፣ ዋጋው ግን ከብርማው የድሮ አምፕ ጋር ይፎካከራል። ያን ያህል ከከፈልኩማ የድሮውን እወስዳለሁ።

የድሮውን የማልሸጠው ለምንድነው ታዲያ? ማታ ቤት ውስጥ ቮልዩሙን 3 ላይ አድርጌ፣ ትሬሞሎውን ቀስ አድርጌ ትዝታ ስጫወት ኖታው ሲሞት ይሰማኛል። ሪኢሹው ላይ ቶሎ ያልቃል። ምናልባት ያረጀው ስፒከር ነው፤ ምናልባት የከፈልኩት 1,280 ዶላር ነው። አንቺሆዬ ስጫወት ደግሞ ተጠጋግተው የተቀመጡት ኖታዎች አንዱ ከሌላው ሳይደባለቅ ጥርት ብለው ይወጣሉ። ስቱዲዮ ስገባም እሱን ነው ይዤ የምገባው።

አዲስ አበባ ልልከው ነው የምትሉኝ አላችሁ። የአሜሪካው የድሮ አምፕ ጀርባው ላይ 117 ቮልት፣ 60 ሳይክል (ኮረንቲው በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት) ይላል። እዚያ 220 ቮልት፣ 50 ሳይክል ነው። በቀጥታ ሰካችሁት ማለት ቀበራችሁት ማለት ነው። ማውረጃ ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ሳይክሉን ግን አይነካውም። ስለዚህ ለ60 የተሠራው ትራንስፎርመር 50 ላይ ይበልጥ ይሞቃል። የግድ ከሆነ 500 ዋት የሚችል ማውረጃ ግዙ፣ ስታቢላይዘርም ከፊቱ አድርጉ። እኔን ከጠየቃችሁ ግን ለአዲስ አበባ በ230 ቮልት ለአውሮፓ የተሠራውን ሪኢሹ ፈልጉ። ፍራንክፈርት ወይም ስቶክሆልም ዘመድ ካላችሁ ከኔ ይልቅ ለእሱ ደውሉ። ሲላክ ቲዩቦቹን አውጥታችሁ ለብቻ ጠቅልሏቸው፤ የትኛው ከየትኛው ቀዳዳ እንደወጣም በስልክ ፎቶ አንሱ።